ታላላቆችን በሕይወት ሳሉ ስለ መስማት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚያፈራው ነገር ሁሉ እንደ ድምፅ ቶሎ የሚያልፍ የለም። እጁ የሠራው ቤት መቶ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ የጻፈው መጽሐፍ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል፤ የተከለው ባሕር ዛፍም ተቆርጦ እንደ ገና ከግንዱ ያቆጠቁጣል። ድምፁ ግን ከአፉ እንደ ወጣ በአየር ላይ ይበተናል፤ ባለቤቱም የሞተ ለት አብሮት መቃብር ይወርዳል። እንግዲህ ፈጥኖ የሚያልፈውን ነገር ፈጥኖ መያዝ የብልህ ሰው ሥራ ከሆነ፥ ዛሬ በመካከላችን በሕይወት ያሉትን ታላላቆች ዛሬውኑ መስማት ይገባናል። ስለዚህ ነገር ለወጣቶች ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስቤ ይህችን ጽሕፈት አዘጋጀሁ።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ሰሜን፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በጉለሌ ውስጥ ቀጨኔ በሚባለው ሠፈር ነው። ቀጨኔ የእጅ ሥራ ሠፈር ነው። ሴቶቹ ጭቃውን አቡክተው ጀበናውን፥ ድስቱን፥ ምጣዱንና እንስራውን ይሠራሉ፤ ከወንዶቹም ብዙዎች ሸማ ሠሪዎች ናቸው። ማለዳ ወደ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሸክላ የሚቃጠልበትን ጢስ ሳያሸት አያልፍም። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቋንቋችን «ሸክላ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው ከነዚህ ሴቶች እጅ የሚወጣው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘፈን የሚታተምበትና በግራሞፎን ላይ የሚዞረው ክብ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የጥንቱ የዘፈን ሸክላ ከእጅ ሲያመልጥ ልክ እንደ ጀበና ይሰበር ስለ ነበረ ይመስለኛል አባቶቻችን ይህን ስም የሰጡት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሥራ በተማሩ ጊዜ፥ እዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ላይ ይኖራል።

ሁለቱ ሸክላዎች የሚመሳሰሉበት ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም የሁለቱም ባለሙያዎች መናቃቸው ነው። ሰዉ ቡናውን በቀጨኔ ጀበና እያፈላ፥ እንጀራውን በቀጨኔ ምጣድ እየጋገረ፥ ሠሪይቱን ግን በክፉ ስም ሲጠራት ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ይህ ክፉ ልማድ አገር የሚያደኸይ መሆኑን ስለ ተረዱ ነው። አዝማሪውም ዕጣው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሠርግ ያለ እርሱ አይደምቅም፤ ዘማች ያለ እርሱ ሽለላ አይሞቅም፤ ነገር ግን ሠርጉ ካለቀ በኋላ ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ባላባት አልነበረም። በሥራው እየተደሰቱ ሠሪውን መናቅ፥ ከምንጩ እየጠጡ በምንጩ ላይ ጭቃ እንደ መጣል ነው። በዛሬው ዘመን ስድቡ ቀንሷል። ነገር ግን ንቀት መልኩን እየለወጠ የሚኖር ነገር ነውና፥ አሁን የመጣው አዲሱ ንቀት መርሳት የሚባለው ነው።

በቅርቡ በሠፈራችን በአንዲት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ከመቶ ሰው በላይ በማትይዝ አንዲት ትንሽ ቤት፥ በሚመጡት ሦስት ዓርቦች ማታ ማታ፥ አንጋፋ ሙዚቀኞች እንደሚጫወቱ የሚናገር ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ክራርና ማሲንቆ የያዙ የአገር ባህል ተጫዋቾች፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደግሞ በወጣትነታቸው ጊታር፥ ሳክስፎንና ኦርጋን ይዘው የአዲስ አበባን ሌሊት ያስጨፈሩ ሽማግሌዎች ይቀርባሉ። ከጎኔ ቆመው የነበሩ ሁለት ወጣቶች ማስታወቂያውን አነበቡና አንደኛው ለሌላው፥ «እነዚህ ገና አሉ እንዴ?» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ለእኔም ሰላምታ ሰጥተውኝ ነው የሄዱት። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ለዚህም ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ለመጻፍ ፈለግሁ።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ከየትስ መጡ? ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አምጥተው የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። እነዚህም «አርባ ልጆች» ተባሉ። ከዚያ በኋላ በክብር ዘበኛ፥ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ውስጥ የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በነዚህ ቤቶች የአገራችን ቅኝቶች፥ ማለት ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፥ ከውጭ ከመጡት የነሐስ መሣሪያዎች ጋር ተገናኙ። ጌታቸው መኩሪያ የጦር ሜዳውን ሽለላና ፉከራ በሳክስፎን አስነገሩት። በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደጉት ዓለማየሁ እሸቴ የአሜሪካኖቹን ሮክ ከአማርኛ ግጥም ጋር አዋሐዱት። እነዚህ ሰዎች የውጭውን ነገር ሲቀበሉ የራሳቸውን አልጣሉም፤ የራሳቸውንም ሲይዙ ለውጭው በራቸውን አልዘጉም። ለዛሬ ወጣት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ከነዚህም መካከል አንዳንዶቹ ከምን ተነሥተው ከምን እንደ ደረሱ ማወቅ ይጠቅማል። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነታቸው ጫማ ጠራጊ ነበሩ። ኋላም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወቱበት በነበረው በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆነው ሲሠሩ፥ አንድ ማታ ዘፋኙ ሳይመጣ ቢቀር ልዝፈን ብለው ጠየቁ፤ ዘፈኑም። ከዚያች ማታ የተነሣ ስማቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በ83 ዓመት ዕድሜያቸው በአዲስ አበባ በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ዝግጅታቸውን አቀረቡ። ያን ለት በዚያ የተገኘ ወጣት ለልጆቹ የሚነግረው ነገር አለው።

አሁን ደግሞ አንድ ወጣት ላስታውሳችሁ። በ1961 ዓ.ም. ዐምሃ እሸቴ የሚባሉ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ሰው፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ በድፍረት የራሳቸውን የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያውም ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 100 የሚሆኑ ትንንሽ ሸክላዎች አወጡ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የማታ ቤቶች ተዘጉ፤ ከሙዚቀኞቹ ብዙዎቹ ተሰደዱ፥ ሌሎቹም ዝም አሉ። ያ ወጣት ባይደፍር ኖሮ የዚያ ዘመን ድምፅ ዛሬ በከፊል እንኳ ባልተገኘ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ እነዚያን አሮጌ ሸክላዎች ሰብስበው «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ብዙ ቅጾች ቢያሳትሙ፥ የዓለም ሰው ተገርሞ ሰማ። የእኛ ልጆችም ብዙዎቹ የአባቶቻቸውን ዘፈን ዋጋ የተረዱት ፈረንጅ ሲያደንቀው አይተው ነው። ይህ ነገር የሚያስደስትም የሚያሳፍርም ነው።

የተሰደዱትስ እንዴት ሆኑ? የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1974 ዓ.ም. ገደማ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ከተማ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዱ። ነገር ግን መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ በሚጠብቁበት ጊዜ ትንሽ የኪቦርድ መሣሪያቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በአኮርዲዮን ተጫውተው ያወጡት ካሴት በ2005 ዓ.ም. በውጭ አገር እንደ ገና ታተመና፥ እርሳቸውም በሽምግልናቸው ወደ መድረክ ተመለሱ። ግርማ በየነም እንዲሁ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ተመልሰው በ2009 ዓ.ም. አዲስ ሥራ አሰሙ። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ሰው ሙያውን ማንም ባያየው እንኳ በስውር ሊጠብቀው እንደሚገባው ነው። በታክሲ ውስጥ ለብቻው የተለማመደ ሰው፥ በሩ በተከፈተ ጊዜ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በኩባ አገር በሃቫና ከተማ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996፥ የተረሱ አሮጌ ሙዚቀኞችን ፈልገው በአንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው አስቀረጿቸው። ኮምፓይ ሴጉንዶ የሚባሉት ወደ 90 ዓመት ቀርበው ነበር። ኢብራሂም ፌሬር ሙዚቃውን ትተው ጫማ ይጠርጉ ነበር። ፒያኖ ተጫዋቹ ሩበን ጎንዛሌዝ በቤታቸው ፒያኖ አልነበራቸውም። ሸክላው «ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ» ተብሎ ሲወጣ ዓለምን ዞረ። ሆኖም ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሳይሞላ ሦስቱም አረፉ። ጥቂት ዓመት ቢዘገዩባቸው ኖሮ የሚሰማ አይኖርም ነበር ማለት ነው።

አሁን ከታላላቆቹ ስሞች ወርጄ ስሙ ያልታወቀ አንድ ሰው ላውጋችሁ። በሠፈራችን አንድ ጎረቤት ነበሩኝ። በወጣትነታቸው በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ስለዚያ ሕይወታቸው ለማንም አይናገሩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልፎ አልፎ በግቢያቸው በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ እኔም ድምፁን ስሰማ ሄጄ ከአጠገባቸው እቀመጥ ነበር። አምባሰልን ሲጫወቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ወደ ግራ ያዘነብላሉ። በቤት ውስጥ ያሉት ልጆች የቴሌቪዥኑን ድምፅ ለመስማት በሩን ይዘጋሉ። እርሳቸው አይቈጡም፤ «ይዝጉት፥ ብርድም ነው» ይሉ ነበር።

እኒህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። በቀብራቸው ለት እንደ ልማዱ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፥ በየት በየት አገር እንደ ተጫወቱ፥ ከየትኞቹ ዘፋኞች ጋር እንደ ሠሩ ተተረከ። የእድሩ ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ሠልስቱ በወጣ ማግሥት አንዱ የልጅ ልጃቸው፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፥ ወደ ቤቴ መጣና፥

«ጋሼ፥ እርስዎ ሲጫወቱ ሰምተዋቸዋል አሉኝ። እንዴት ነበር የሚጫወቱት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ተቀመጥ ልጄ» አልሁትና ለመንገር ሞከርሁ። ቀስ ብለው እንደሚጀምሩ፥ ትንፋሹን ዘርግተው ዘርግተው የደከመ ሰው ሲተነፍስ እስኪመስል ድረስ እንደሚያቆዩት፥ ከዚያም በድንገት እንደሚያነሡት ነገርሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ኋላ ስልኩን አወጣና የአያቱን ስም ጽፎ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም። «መሣሪያው አልጋ ሥር አለ፤ ግን ቆዳውን አይጥ በልቶታል» አለኝ። ከዚህ በኋላ ሁለታችንም የምንናገረው አጣን። ድምፅ በአፍ ተነግሮ አያልቅም። ስለ ምግብ ቢያወሩለት የተራበ እንደማይጠግብ፥ ስለ ዜማም ቢያወሩለት ጆሮ አይረካም።

የሸክላ ጀበና ቢሰበር ያችው ሴት ሌላ ትሠራለች፤ ጭቃው አለ፥ እጇም አለ። ሴትዮዋ እጇን ለልጇ ሳታስተምር ብትሞት ግን፥ ጭቃው በተራራው ላይ ሞልቶ ሳለ ጀበና አይኖርም። የዚህን ተቃራኒ ደግሞ እዚሁ ከሠፈራችን በላይ በእንጦጦ ማየት ይቻላል። በእንጦጦ የተወለዱት ዓለሙ አጋ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፥ በአቅራቢያቸው ይኖሩ ከነበሩት ከታወቁት በገና ደርዳሪ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና መማር ጀመሩ። አለቃ ተሰማ አለፉ፤ የበገናው 10 አውታር ግን በተማሪያቸው እጅ መናገሩን ቀጠለ፤ እርሳቸውም በተራቸው ለሌሎች አስተማሩ። ሁለቱም ታሪክ የጎረቤት ታሪክ ነው። በአንዱ ልጁ በሩን ዘጋ፤ በሌላው ልጁ በሩን ከፍቶ ገባ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ በር ልዩነት ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «መስማትስ በትልቁ አዳራሽ መስማት ነው፤ ትንሽ ቤት ውስጥ ምን አለ?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ትንሿን ቤት አብልጬ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ነው። በአዝማሪ ቤት ዘፋኙ የሰሚውን ፊት ያያል፤ ሰሚውም ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ግጥም ተቀብሎ በዜማው ይመልሰዋል። «ተቀበል» ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ዘፈኑ የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው። በትልቅ አዳራሽ ሰሚ ተመልካች ብቻ ይሆናል፤ በትንሽ ቤት ግን የሥራው ተካፋይ ነው። የሽማግሌው ድምፅ ሲደክም ትንፋሹን ትሰማላችሁ፤ በክራሩ ላይ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ቃሉን ከቦታው ሳያፋልስ ሲያስቀምጠው ታያላችሁ። ከዚህ የሚበልጥ የጽናት ትምህርት በየትኛው ክፍል ይሰጣል?

ትንንሾቹ ቤቶችም ቢሆኑ እንደ ሰው ዕድሜ አላቸው። ፒያሳ በሚገኘው በጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዝ አምባ የሚባል ቤት ነበረ፤ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ በደረሰው የእሳት አደጋ ጠፋ። በካዛንቺስ ፈንድቃ የሚባል የአዝማሪ ቤት ነበረ። መላኩ በላይ የተባለ ተወዛዋዥ፥ ቀድሞ በዚያው ቤት እየጨፈረ በሽልማት ይኖር የነበረ ሰው፥ ቤቱን ተረክቦ አዝማሪውንም፥ የጃዝ ተጫዋቹንም፥ ሠዓሊውንም በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰባቸው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሠፈር ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ ያም ቤት አብሮ ፈረሰ። ጨዋታው በሌላ ሥፍራ ቀጠለ፤ ያች ቤት ግን የለችም። ከተማ ማደጉ መልካም ነው፤ እኔም መንገድ ለምን ሰፋ አልልም። ነገር ግን ግድግዳ የሚፈርስ ከሆነ በግድግዳው ውስጥ የነበረውን ነገር በጆሯችንና በልባችን ይዘን መውጣት የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወጣቶች የሚያነሷቸውን ሦስት ምክንያቶች ልመልስ።

አንደኛው፥ «ዘፈኖቹ ሁሉ በስልኬ ውስጥ አሉ» የሚለው ነው። በስልክ ውስጥ ያለው ሰውዬው በ25 ዓመቱ አንድ ቀን የዘፈነው ነው። ያው ዘፈን ከስደት፥ ከእስራት፥ ከልጅ ሞትና ከብቸኝነት በኋላ በ75 ዓመት ሰው አፍ ሲዘፈን ሌላ ነገር ይሆናል። ትዝታን በወጣትነት የዘፈነ ሰው ቃሉን ያውቃል፤ በሽምግልና የሚዘፍነው ግን ትዝታውን ራሱን ያውቀዋል። ደግሞም ሸክላ አይመልስም። ሽማግሌው ግን ከመድረክ ሲወርድ «አባባ፥ ይህን ዘፈን ማን አስተማረዎ?» ብትሉት ይመልሳል።

ሁለተኛው፥ «ድምፃቸው ደክሟል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የደከመ አለ። ሽበትም ብቻውን ሰውን አዋቂ አያደርግም፤ በወጣትነቱ ያልሠራ ሽማግሌ ስላረጀ ብቻ ይጨብጨብለት አልልም። ነገር ግን አሮጌ ጀበናን ተመልከቱ። አንገቱ ጠቁሯል፥ አፉም ጥቂት ተሸርፏል። ቡና የምታፈላ እናት ግን ትናንት ከገበያ ከመጣው ከአዲሱ ይልቅ ያንኑ ትመርጣለች፤ ብዙ ቡና ስላለፈበት ነው።

ሦስተኛው የወላጆች ጥያቄ ነው፤ «እንዲህ ያለው ቤት የመጠጥ ቤት አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማቃለልም አይገባም። መልሴ እንዲህ ነው። ከታላቅ ወንድምህ፥ ከእኅትህ ወይም ከአባትህ ጋር ሂድ፤ ለስላሳ ጠጥተህ ውለታህን ክፈል፤ ሰዓትህን ዐውቀህ ተመለስ። የሄድክበትን ነገር የሚያውቅ ሰው በማንኛውም ቤት ራሱን ይጠብቃል፤ የማያውቅ ግን በቤቱም ተቀምጦ ይጠፋል። አባትህን ይዘህ ብትሄድማ ሌላም ጥቅም አለው፤ ምናልባት በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ አባትህ ወጣት ሳለ ምን ይመስል እንደ ነበረ በፊቱ ላይ ታያለህ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ሰሚ መሆንም እንደ ዘፋኝነት ሙያ ነውና ጥቂት ሥርዓት ልንገራችሁ። ከሰዓቱ ቀድማችሁ ድረሱ። የመግቢያውን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ ያ ገንዘብ ለብዙዎቹ ሽማግሌዎች የመድኃኒት ገንዘብ ነው። ሲጫወቱ አታውሩ። ስልካችሁን ጥቂት ጊዜ ለመቅረጽ ብታወጡት አልከለክልም፤ ነገር ግን ማታውን ሁሉ በስልክ መስኮት የሚመለከት ሰው ደርሶ ሳይደርስ ይመለሳል። ግጥሙን አድምጡ፤ ሰሙን ሳታልፉ ወርቁን አታገኙትም። ሲያበቁ ተነሥታችሁ አመስግኑ። ከሁሉም በላይ ጠይቁ፤ ስማቸውን፥ የት እንደ ተማሩ፥ ከማን ጋር እንደ ሠሩ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። በየሠፈራችሁም በየግቢው ዝም ብለው የተቀመጡ አሉ። ማስታወቂያ የተለጠፈላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት ማንም ሳይጠይቃቸው የሚኖሩት ናቸውና እነዚህንም ፈልጓቸው።

ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. አረፉ። የክራሯ እመቤት አስናቀች ወርቁ በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፉ። ጌታቸው መኩሪያ በመጋቢት 2008 ዓ.ም.፥ ዓለማየሁ እሸቴ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ተከተሏቸው። በቀብራቸው ቀን ብዙ ሕዝብ ወጣ፤ ብዙ እንባ ፈሰሰ፤ መልካም ንግግርም ተደረገ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ አገር ልጆቿን በክብር መቅበሯ የጨዋ አገር ምልክት ነው። ነገር ግን የቀብር ዕለት ምስጋና ምንም ቢበዛ ሟቹ አይሰማውም። ለሰው የሚሰጥ ክብር ሁሉ ጊዜ አለው፤ የዘፋኝ ክብር ጊዜው ደግሞ ገና ሲዘፍን ነው። አንድ ወጣት ከፊት ረድፍ ተቀምጦ በትጋት ሲያደምጠው ያየ ሽማግሌ፥ ያን ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ዕድሜው በከንቱ እንዳላለፈ ዐውቆ ነው። ይህን ደስታ ለመስጠት ሀብት አያስፈልግም፥ ሥልጣንም አያስፈልግም፤ ሁለት ጆሮና አንድ ማታ ይበቃል።

ጭቃው በእጅ ላይ ሳለ ነው ዕቃ የሚወጣው፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ ቢያፈሱበት አይታዘዝም። ጊዜም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ድምፁ ገና ሞቅ ብሎ ሳለ ሂዱና ስሙ፤ የሰማችሁትንም ለሚመጡት ንገሩ።